ግራፉን ከመሳልሽ በፊት ቁጥሮቹን ደርድሪ

የዛሬዋ ጠያቂያችን ነርስ ናት። ደብዳቤዋን ትንሽ አሳጥሬ እነሆ፦

«ጋሼ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን። በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ቅዳሜና እሁድ ዲግሪዬን እየተማርኩ ነው። ሌላው ትምህርት ይገባኛል፤ ስታትስቲክስ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የቤት ሥራው ‹ዳታ ሰብስባችሁ፣ አደራጅታችሁ፣ በግራፍ አሳዩ› የሚል ነበር። 30 ታካሚዎችን ካርድ ካወጡ በኋላ ባለሙያ ጋ እስኪገቡ ስንት ደቂቃ እንደጠበቁ ጠየቅኳቸው። ለምን እንደመጡም መዘገብኩ። ከዚያ በኤክሴል ባለቀለም ፓይ ቻርት ሠራሁ። አስተማሪው ከ10 ሦስት ሰጠኝና ‹ይህ ግራፍ ምን ይላል?› ብሎ በቀይ ጻፈበት። አስተካክዬ እንዳስገባ አንድ ሳምንት ተሰጥቶኛል። አማካዩን አውጥቻለሁ፣ 42 ደቂቃ ገደማ ነው። አማካዩ ካለ ግራፉ ምን ያደርጋል? የትኛው ግራፍ ለምን እንደሚሆንስ እንዴት ነው የሚሸመደደው? ለቁጥር አልተፈጠርኩም መሰለኝ። ኮርሱን ልተወው?»

ውድ እህቴ፣

አትተይው። ይህን መጀመሪያ ልበልሽና ወደ ሥራው እንግባ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትሠሪበት ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ትልቅ ቻርት የለም? ከታች ወራቱ ተጽፈዋል፣ በጎን የሕፃናቱ ቁጥር አለ። በየወሩ መጨረሻ ፔንታ 1 (የፔንታ ክትባትን የመጀመሪያ ዙር) የወሰዱትን ካለፈው ድምር ላይ ደምራችሁ ነጥብ ታደርጋላችሁ፣ መስመሩን ትቀጥላላችሁ። ፔንታ 3ን፣ ሦስተኛውን ዙር፣ም እንደዚያው። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ጀምረው ያቋረጡ ሕፃናት እንዳሉ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂያለሽ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹም ቤት ለቤት ፍለጋ ይወጣሉ። እዚያ መስመር ላይ ስንት ጊዜ እጅሽን አሳርፈሻል? በክፍል ኦጃይቭ የሚሉት ግራፍ ከዚህ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፤ እየተደመረ የሚሄድ ድግግሞሽ ነው። ስለዚህ «ለቁጥር አልተፈጠርኩም» የሚለውን ተይው። ግራፍ ስታነቢ ኖረሻል።

አሁን ወደ ፓይ ቻርትሽ። 30 ቁራጭ አለው፣ ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ። ፓይ ቻርት የሚያሳየው አንድ ሙሉ ነገር ተከፋፍሎ ለማን ስንት እንደደረሰው ነው። ድፎ ዳቦ ሲቆረስ አስቢ። አንቺ የቆረስሽው ዳቦ ምንድን ነው? ቁጥሮችሽን ደመርኳቸው፣ 1,250 ደቂቃ ይመጣል። ግራፍሽ የሚለው «ከ1,250 ደቂቃ ውስጥ ይህኛው ታካሚ ይህን ያህሉን ጠበቀ» ነው። ይህን ማን ጠየቀ? አስተማሪሽ «ምን ይላል?» ያለው ለዚህ ነው። ጥያቄው ትክክል ነው፣ ሊያሳፍርሽ ብሎ የጻፈው አይመስለኝም።

የትኛው ግራፍ ለምን እንደሚሆን መሸምደድ አያስፈልግሽም። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። ዳታው ስም ነው ወይስ በቁጥር የሚለካ ልክ? ማወቅ የምፈልገውስ ምንድን ነው? ግራፉ ከሁለቱ መልስ ራሱ ይመጣል። ግን ከዚያም በፊት የሚቀድም ሥራ አለ፣ ብዙ ተማሪ የሚዘለው እሱን ነው። መደርደር።

ኮምፒውተሩን ዝጊውና ወረቀትና እርሳስ ያዢ። የላክሽልኝ ቁጥሮች እነዚህ ናቸው፦

35፣ 20፣ 45፣ 60፣ 15፣ 40፣ 30፣ 90፣ 25፣ 50፣
45፣ 30፣ 10፣ 60፣ 40፣ 35፣ 120፣ 20፣ 30፣ 55፣
45፣ 60፣ 30፣ 25፣ 42፣ 50፣ 30፣ 15፣ 60፣ 38

እንዲህ ተበታትነው ምንም አይነግሩሽም። አሁን አሥሮቹን በግራ፣ አንዶቹን በቀኝ እያደረግሽ ከትንሽ ወደ ትልቅ ጻፊያቸው።

1 | 0 5 5
2 | 0 0 5 5
3 | 0 0 0 0 0 5 5 8
4 | 0 0 2 5 5 5
5 | 0 0 5
6 | 0 0 0 0
7 |
8 |
9 | 0
10 |
11 |
12 | 0

ይህን ግንድና ቅጠል ይሉታል። ጆን ቱኪ የሚባል አሜሪካዊ የስታትስቲክስ ሊቅ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሰፊው ያስለመደው ዘዴ ነው፤ ከእርሳስ ሌላ ምንም አይፈልግም። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ግን ዳታሽ ቅርጽ አወጣ። ሰው የበዛው ከ30 እስከ 49 መካከል ነው። 60 ላይ አንድ ክምር አለ። ከዚያ ባዶ፣ ከዚያ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ርቀው ቆመዋል። አንድም ቁጥር አልጠፋም፤ ቅጠሎቹን ብትቆጥሪ 30 ናቸው። ይህን ቆጠራ ሁልጊዜ አድርጊ። ሠንጠረዥሽ ከ30 ይልቅ 29 ወይም 31 ካለሽ ወደፊት አትሂጂ፣ ተመለሽና ፈልጊው።

አሁን ጠጋ ብለሽ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ብቻ እይ። ዜሮ፣ አምስት፣ ዜሮ፣ ዜሮ፣ አምስት። ከ30ው ቁጥር 28ቱ በ0 ወይም በ5 ያልቃሉ። የተለዩት 38 እና 42 ብቻ ናቸው። ሰው በእውነት እንዲህ አምስት አምስት እየተቆጠረለት ባለሙያ ጋ አይገባም። እነዚህ ቁጥሮች ከሰዓት ላይ አልተነበቡም፣ ከሰው አፍ የተወሰዱ ናቸው። ታካሚውን «ስንት ጠበቁ?» ስትዪው «እኔ እንጃ፣ ግማሽ ሰዓት ይሆናል» ይልሻል፣ አንቺም 30 ትጽፊያለሽ። «ኧረ አንድ ሰዓት ሞላኝ» ይላል ሌላው፣ 60 ይሆናል። ያ 60 ላይ ያየነው ክምር ግማሹ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ይህ የአንቺ ስሕተት አይደለም። በአገራችን የሕዝብና ቤት ቆጠራም ያለ ነገር ነው። የ1999ኙን ቆጠራ ዕድሜ በዕድሜ ዘርዝሮ የሳለ ሰው 30፣ 40፣ 50 ላይ እንደ ምሰሶ የቆሙ አምዶች ያያል፣ 35 እና 45ም ከፍ ይላሉ፣ 31 እና 41 ግን ዝቅ ያሉ ናቸው። በ31 ዓመት ላይ ሰው አልጎደለም። የተወለደበትን ዓመት በእርግጠኝነት የማያውቅ ሰው ዕድሜውን ወደ ድፍኑ ስለሚያስጠጋው ነው። አንቺም ካርድ ላይ ዕድሜ ስትሞዪ «ሠላሳ ብለሽ ጻፊው» ያለሽ ሰው አይጠፋም። ይህን የምነግርሽ በሪፖርትሽ ላይ አንድ መስመር እንድትጨምሪ ነው፦ «ደቂቃዎቹ በታካሚዎቹ ግምት የተገኙ ናቸው፣ አብዛኞቹም ወደ 5 እና 10 የተጠጋጉ ናቸው።» ዳታሽን በእጅሽ ደርድረሽ ካላየሽው ይህን መስመር አትጽፊውም ነበር።

ቀጥሎ የድግግሞሽ ሠንጠረዥ፤ ደቂቃዎቹን በክፍል በክፍል ከፍሎ በየክፍሉ ስንት ሰው እንዳለ የሚያሳይ ነው። ስንት ክፍል ይኑረው ለሚለው በኮርሳችሁ የሚሰጠው የስተርጅስ ቀመር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ የሚሠራበት። 1 ሲደመር 3.322 ሲባዛ በ30 ሎጋሪዝም (መሠረቱ 10 የሆነው)። 5.9 ይመጣል፣ ስድስት ክፍል በይው። ከትልቁ ትንሹን ቀንሺ፣ 120 ሲቀነስ 10፣ 110 ነው። ለ6 ሲካፈል 18.3። ምንጊዜም ወደ ላይ ነው የሚጠጋጋው፣ አለበለዚያ ትልቁ ቁጥር ከሠንጠረዡ ውጭ ይቀራል። እኔ 20 አደርገዋለሁ፣ ለዓይን ስለሚቀል።

ከ10 እስከ 29፦ 7 ሰዎች
ከ30 እስከ 49፦ 14
ከ50 እስከ 69፦ 7
ከ70 እስከ 89፦ 0
ከ90 እስከ 109፦ 1
ከ110 እስከ 129፦ 1

ድምሩ 30፣ ደህና። በመቶኛ ካስቀመጥሽው 23.3፣ 46.7፣ 23.3፣ 0፣ 3.3፣ 3.3 ይሆናል። ሲደመር 99.9 መምጣቱ አያስደንግጥሽ፣ ከማጠጋጋቱ ነው። ክፍሎቹ እንዳይደራረቡ ግን ተጠንቀቂ። «ከ10 እስከ 30፣ ከ30 እስከ 50» ብለሽ ከጻፍሽ 30 የጠበቁት አምስት ሰዎች የት ይገባሉ?

አሁን አንድ ነገር ላሳይሽ። ይሄኛው ነጥብ በክፍል ብዙ ጊዜ ይታለፋል፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው እሱን ነው። ስፋቱን ያው 20 አድርጊና መነሻውን ከ10 ወደ 1 ውሰጂው። ከ1 እስከ 20 አምስት ሰው፣ ከ21 እስከ 40 አሥራ ሁለት፣ ከ41 እስከ 60 አሥራ አንድ፣ ከዚያ 0፣ 1፣ 1። ቀድሞ 7፣ 14፣ 7 ነበር፣ መሐሉ ላይ አንድ ጉልህ ጫፍ ያለው ኮረብታ። አሁን 5፣ 12፣ 11 ሆነ፣ አናቱ ጠፍጣፋ። ዳታው ያው ነው፣ አንድም ታካሚ አልተነካም። መነሻው ብቻ ሲቀየር 25 የጠበቁት ሁለቱ ከመጀመሪያው ክፍል ወደ ሁለተኛው፣ 42 እና 45 የጠበቁት አራቱ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ዘለሉ፣ ቅርጹም ተለወጠ። ስለዚህ አንድ ሂስቶግራም (የየክፍሉን ብዛት በአምድ የሚያሳይ ግራፍ) ስለሽ «ዳታዬ እንዲህ ነው» ብለሽ አትማዪ። ሁለት ሦስት ዓይነት ሞክሪ። በሁሉም ላይ የሚታየውን እመኚው፣ በአንዱ ብቻ ብቅ የሚለውን ተጠራጠሪው። ባንቺ ዳታ በሁሉም የሚታየው ብዙው ሰው ከአንድ ሰዓት በታች ሲጠብቅ ጥቂቶች ርቀው መቅረታቸው ነው።

ሂስቶግራሙን ስትስዪ አምዶቹ ይነካኩ። ደቂቃ የማይቋረጥ ልክ ስለሆነ ነው፤ 29 ሲያልቅ 30 ይጀምራል። መገናኛቸውን 29.5፣ 49.5 እያልሽ አድርጊው። ከ70 እስከ 89 ያለው ባዶ ክፍል ግን ባዶ ሆኖ ይቀመጥ። «ማንም የለበትም» ብለሽ ካወጣሽው 90 የጠበቀው ሰው ከሌሎቹ ጋር ተጠጋግቶ የቆመ ይመስላል። ኤክሴል ባር ቻርት ሲሠራልሽ በአምዶቹ መካከል ክፍተት ይተዋል፣ ክፍተቱን ዜሮ አድርጊው።

የመጡበት ምክንያት ሌላ ዓይነት ዳታ ነው። ተመላላሽ ሕክምና 14፣ የእርግዝና ክትትል 8፣ ክትባት 5፣ የቤተሰብ ምጣኔ 3። እነዚህ ስሞች ናቸው። በክትባትና በእርግዝና ክትትል መካከል ምንም የለም፣ ስለዚህ አምዶቹ ተለያይተው ይቁሙ። ባር ቻርት በቂ ነው፣ ከብዙው ወደ ጥቂቱ ደርድሪው፣ ቁመቱን ከዜሮ ጀምሪው። ከዜሮ ካልጀመረ ትንሹ ልዩነት ገደል ይመስላል። ፓይ ቻርት የግድ ካማረሽ እዚህ ጋ ያምራል፣ 30ው ሰው ሙሉው ዳቦ ነውና፤ 168፣ 96፣ 60 እና 36 ዲግሪ እያልሽ በፕሮትራክተር ልትሠሪው ትችያለሽ። እኔ ግን ባሩን እመርጣለሁ። ዓይናችን ቁመትን ከማዕዘን በተሻለ ያነጻጽራል።

አማካዩ ካለ ግራፉ ለምን? ላልሽው፣ 42 ደቂቃሽን እንመርምረው። በርቀው የቆሙትን ሁለት ሰዎች፣ 90 እና 120ን፣ ለጊዜው ሸፍኛቸው። የቀሪዎቹ 28 አማካይ 37 ደቂቃ ነው። ሁለት ሰዎች ሙሉውን ቁጥር በአምስት ደቂቃ ጎተቱት ማለት ነው። ከተደረደረው ዳታ መሐል ላይ ያለውን ብትወስጂ፣ 15ኛው 38፣ 16ኛው 40 ነው፣ ሚዲያኑ 39 ይሆናል። አማካዩ ብቻውን ይህን አይነግርሽም። ፍራንሲስ አንስኮም የሚባል እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት ትንንሽ ዳታዎች አዘጋጅቶ ነበር፣ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ፣ እያንዳንዱም ነጥብ ሁለት ቁጥር ያለው። የአራቱም አማካይ በአንዱ በኩል 9፣ በሌላው 7.5 ነው፣ ዝምድናቸውን የሚለካው ቁጥር ሳይቀር አንድ ነው። ሲሳሉ ግን አንዱ ቀጥ ያለ አዝማሚያ፣ አንዱ ቅስት፣ ሦስተኛው አንድ ነጥብ ብቻ የሳተው መስመር፣ አራተኛው ደግሞ አንዷ ብቻዋን ርቃ ስትቀር ቀሪዎቹ ሽቅብ የተደረደሩበት ነው። በቁጥር ብቻ ያየ ሰው አራቱም አንድ ናቸው ብሎ ይሄዳል።

ነርስ ስለሆንሽ ይህንንም ልጨምርልሽ። ፍሎረንስ ናይቲንጌልን በሙያችሁ ያላወቀ የለም። ግን በግራፍም ስሟ ትልቅ ነው። ከክሪሚያ ጦርነት ስትመለስ የወታደሮቹን ሞት ወር በወር፣ በምክንያት ከፋፍላ አደራጀችው፣ እ.ኤ.አ. በ1858ም በክብ ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል በተዘረጋ ግራፍ አወጣችው። ከጥይት ቁስል ይልቅ ልንከላከላቸው በምንችላቸው በሽታዎች የሞቱት እጅግ ይበልጡ ነበር፤ ግራፉ ላይ ለበሽታ የተሰጠው ቀለም ሌላውን ውጦታል። ያን ለማሳየት መጀመሪያ መዝገቡን መደርደር ነበረባት።

ከራሴም አንድ ልንገርሽ፣ ለወደፊት ሪፖርት ይጠቅምሻል። ድሮ በአንድ መሥሪያ ቤት የወር ሪፖርት አዘጋጅ ነበር። አንድ ዓመት መስመሩ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ወደ ታች ተወረወረ፣ ስብሰባውም ግማሽ ሰዓት «ሥራው ለምን ወረደ?» በሚል ክርክር አለቀ። ወሩ አምስት ቀን ነበር። ቁጥሩን ለቀኑ ብዛት አካፍለን ደግመን ስንስለው መስመሩ ቀጥ አለ። ባለ 30 ቀኑን ወርና ባለ አምስት ቀኑን በአንድ ግራፍ ላይ ስታስቀምጪ በቀን አማካይ አድርጊው።

120 የጠበቀውን ሰው ቀጥታ አትሰርዥው። «ግራፌን አበላሸብኝ» ብሎ ቁጥር መጣል ዳታን መዋሸት ነው። ምናልባት 12 ሊጻፍ ዜሮ ተጨምሮበት ይሆናል። ምናልባት ላቦራቶሪ ደርሶ የተመለሰ ሰው ነው፣ ያኔ የጠበቀው ሌላ ዓይነት ጊዜ ነው። ምናልባትም በእውነት ሁለት ሰዓት ተቀምጧል፣ እንደዚያ ከሆነ ከሁሉም ዳታሽ ትልቁ ወሬ እሱ ነው።

60 ላይ ያሉት አራቱስ እነማን ናቸው? አራቱም ለተመላላሽ ሕክምና የመጡ ከሆኑ ነገሩ ማጠጋጋት ብቻ ላይሆን ይችላል። ዳታሽን በመጡበት ምክንያት ከፍለሽ ግንድና ቅጠሉን ለየብቻ ሥሪው፤ የተመላላሹን ለብቻ፣ የእርግዝና ክትትሉን ለብቻ። አስተማሪው ይህን አልጠየቀሽም። አንቺ ግን እዚያ ቤት ትሠሪያለሽ፣ የት ክፍል ወረፋው እንደሚቆም ማወቁ የሚጠቅመው ከሁሉ በፊት አንቺን ነው።

ሰኞ ጠዋት ካርድ ክፍል ገብተሽ 120 ደቂቃ የጠበቀውን ሰው ካርድ አውጪና ከመዝገቡ ጋር አስተያዪው። በዚያው ደግሞ አሥር ታካሚዎችን ሳትጠይቂ፣ ካርድ ያወጡበትንና የገቡበትን በሰዓት ያዢ። የመጨረሻዎቹ አሃዞች አሁንም 0 እና 5 ብቻ ይሆኑ እንደሆነ ጻፊልኝ።